ማረጤን «ታጋንናለች» ብሎ የጻፈው ሐኪም

ይህን የምጽፈው እህቶቼ እንዲማሩበት ነው ብል ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ቂም ነው። ቂም ይዞ መጻፍ ነውር ነው የሚል ካለ እዚህ ላይ ያቁም። እኔ ግን ሁለት ዓመት ተኩል በከንቱ ተንገላትቼ፣ ባልና የሥራ ጓደኛ ሸሽቶኝ፣ የጣቴን ጫፍ አጥቼ «እግዜር ይይለት» ብዬ የማልፍ ሴት አይደለሁም። እግዜርም ይይ፤ እኔም አያለሁ።

ስሜ ትርንጎ ነው፤ እስራኤል አገር፣ ቂርያት ማላኪ ከተማ ነው የምኖረው። ከባለቤቴ ከጌጡና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ከጎንደር ከመጣን ሃያ ዓመት ሊሆነን ነው። ልጆቹ ወጥተዋል፤ ወንዱ ወታደር ነው፣ ሴቷ አግብታ ራቅ ያለ ከተማ ትኖራለች። እኔ ቤኤር ቱቪያ፣ ፋብሪካዎቹ ሰፈር፣ ሰላጣና ቅጠላ ቅጠል እየታጠበ በሚታሸግበት ድርጅት ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። አዳራሹ እንደ ማቀዝቀዣ ነው፤ በበጋ እንኳ ሹራብ ደርበን ነበር የምንሠራው።

ነገሩ የጀመረኝ እዚያው ብርድ ውስጥ ነው። አርባ ሰባት ዓመቴ ነበር። ቅጠል እየመዘንኩ ቆሜ ሳለሁ ከደረቴ ላይ ሙቀት ተነሣ። አንገቴን ይዞ ፊቴ ላይ ወጣ፤ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። ልቤ ይደልቅ ጀመር። ቢቆይ ሦስት ደቂቃ ነው። ሲለቀኝ በላብ ርሻለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ብርድ ብርድ አለኝ። የልብ ሕመም መስሎኝ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። በማግስቱም መጣ። ከሳምንት በኋላ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ይመላለስብኝ ጀመር። ሌሊትም አንሶላው እስኪርስ ያልበኛል፤ ተነሥቼ ልብስ እቀይራለሁ፣ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም። ቀን ደግሞ የሰው ስም ይጠፋኛል፣ ጉልበቴንና ትከሻዬን ይቆረጥመኛል፣ በትንሽ ነገር እንባዬ ይመጣል።

የወር አበባዬም መልኩን ለውጦ ነበር። ሁለት ወር ይጠፋል፣ በሦስተኛው ደራሽ ውሃ ሆኖ ይመጣል። ይህንን ግን ለማንም አልተናገርኩም። እናቴም ስለዚህ ነገር አንድ ቀን አውርታኝ አታውቅም። በእኛ ስሙ ማረጥ ነው፤ እኔ ባደግኩበት አገር ያረጠች የምትባለው መውለድ ያቆመች ላም ናት። የትኛዋ ሴት ናት ራሷን በዚያ ስም የምትጠራ? እኔም ዕድሜዬ ገና ነው ብዬ ሙቀቱንና የወር አበባዬን አንድ ላይ አላሰብኳቸውም። ይህ የእኔ ስሕተት ነው፤ እቀበላለሁ። ግን እኔ ሰላጣ አሻጊ ነኝ። ሁለቱን ማገናኘት የተማረ ሌላ ሰው ነበረ።

ያ ሰው የቤተሰብ ሐኪማችን ነው። ስሙን አልጽፍም። ኩፓ የምንለው የጤና መድኑ ክሊኒክ ከቤቴ በእግር ዐሥር ደቂቃ ነው። ቀጠሮ ይዤ ሄጄ በሩ ፊት አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቅኩ። ገብቼ ስቀመጥ ዓይኑን ከኮምፒዩተሩ አላነሣም። ሌሊት እንደሚያልበኝ፣ እንደከሳሁ፣ ልቤ እንደሚመታ ነገርኩት። ዕብራይስጤ ቤሰደር፣ ደኅና ነው፤ እንደ ልጆቼ ባይሆንም እግባባለሁ። ከኢትዮጵያ መቼ እንደመጣሁ ጠየቀኝ። በቤቴ የሚያስል ሰው እንዳለ ጠየቀኝ። ከዚያ ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ላከኝ፤ ውጤቱ እስኪመጣም ከሥራ እንድቀር ወረቀት ጻፈልኝ።

መጠርጠሩን ጥፋት አልለውም። ሌሊት ማላብና መክሳት የዚያ በሽታም ምልክት ነው፤ በኋላ ያከመችኝ ሐኪም እንኳ «እኔም ስለዚያ እጠይቅሽ ነበር» ብላኛለች። ጥፋቱ እዚያ ላይ መቆሙ ነው። ዕድሜዬ ፊቱ ተጽፏል። የወር አበባሽ እንዴት ነው ብሎ ለመጠየቅ ግማሽ ደቂቃ ይበቃው ነበር።

ወረቀቱን ለሥራ አለቃዬ ሰጠሁ። የምርመራው ስም ተጽፎበት ስለነበር ማታ ሳይደርስ ፈረቃው ሁሉ ሰማ። የሳንባዬ ፎቶ ንጹሕ ሆኖ ወጣ፣ ሌላውም ምርመራ እንዲሁ። ስመለስ ግን ንጹሕ መሆኔን የሚናገረውን ወረቀት የሚያነብ አልነበረም። ለዓመታት አጠገቤ የሠራች ሴት ቦታዋን ቀየረች። ምሳ ሰዓት ጠረጴዛው ላይ ብቻዬን እቀመጥ ነበር።

ወሬው ከቤኤር ቱቪያ ገዴራ ለመድረስ ሁለት ቀን አልፈጀበትም። ገዴራ የባለቤቴ ታላቅ እህት ውባለም ትኖራለች። ጌጡን አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ቃሏ ለእሱ ሕግ ነው። ደውላ፣ ሳንባዬ ከሆነ ለየብቻ እንድንተኛ፣ ሳንባዬ ካልሆነ ደግሞ የባሰ እንደሆነ፣ ያደረብኝ ነገር እንዳለ ነገረችው። ያደረባት ያለችው ዛሩን ነው። ጌጡ ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈሪ ግን ነው። ትራሱን ይዞ ሳሎን ሄደ። የምርመራውን ውጤት ሳሳየው «እሺ» አለኝ፤ ትራሱን ግን አልመለሰውም።

ወደ ሐኪሙ ደጋግሜ ተመላለስኩ። የልብ ምርመራ አዘዘልኝ፤ ደኅና ነው። ደም አስወሰደኝ፤ ደሜ ትንሽ ማነሱን ነግሮኝ የብረት ክኒን ጻፈልኝ፣ ለምን እንዳነሰ ግን አልጠየቀም። በመጣ ቁጥር የሚፈሰውን ደም ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር፤ አፍሬም ቢሆን እነግረው ነበር። ሙቀቱ አሁንም እንዳለ ስነግረው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገና «ምንም የለብሽም። ጭንቀት ነው። የእናንተ ሰዎች ጭንቀታቸው በሰውነታቸው ነው የሚወጣው» አለኝ። የእንቅልፍ ክኒን ጻፈልኝ። ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ የድብርት መድኃኒት ጨመረበት። የሐኪም ቃል ነው ብዬ ዋጥኩ።

ክኒኑ ያስተኛኝ ነበር፤ ጠዋት ግን ጭንቅላቴ ውስጥ ጭጋግ ይቀራል። የጠዋቱ ፈረቃ የሚጀምረው ሳይነጋ ነው። አንድ ቀን ካርቶን በሚያሽገው ማሽን ላይ መደቡኝ። እኔ ቆሜ አንቀላፍቻለሁ ማለት ይቻላል። እጄን መቼ እንዳገባሁት አላውቅም፤ የማውቀው ሰው ሲጮኽና ማሽኑ ሲቆም ነው። ሆስፒታል ወስደው ሰፉኝ። የግራ እጄ የቀለበት ጣት ጫፍ ግን ቀረ።

ፋሻው ሳይፈታ ወደ ቤተሰብ ሐኪሙ ሄድኩ። ያንን ክኒን እየወሰድኩ ማሽን ላይ መሥራት እንዳልነበረብኝ ነገረኝ። አልነገርከኝም አልኩት። በመድኃኒቱ ወረቀት ላይ ተጽፏል አለኝ። የት እንደምሠራ ያውቃል፤ የሥራ ፈቃዴን የሚፈርመው እሱ ነው። የዚያን ቀን ነው ውስጤ የሆነ ነገር የጠነከረው። ገና ቂም አልነበረም፤ ቂም ለመያዝ መበደልን በእርግጥ ማወቅ ያስፈልጋል። እኔ ያኔም ቢሆን ምናልባት በእውነት አብጄ ይሆናል እያልኩ ነበር። የሕመም ፈቃዴ ሲያልቅ ድርጅቱ ቦታ የለም አለኝ።

ያንን ክረምት ቤት ተቀመጥኩ። ጌጡ ሥራ ሲሄድ መስኮቱን ከፍቼ ብርዱ ላይ እቆማለሁ፤ ሲመጣ እዘጋዋለሁ። ልጄ ስትደውል ደኅና ነኝ እላለሁ። ብቻዬን ስሆን የምፈራው ሞትን አልነበረም፤ ስም የሌለው ነገር ይዞኝ መኖርን ነበር።

በፀደይ ላይ የጌጡ አጎት ሞተው ገዴራ ለቅሶ ሆነ። የተቀመጥነው ውባለም ቤት ነው። ሴቶቹ ሳሎኑን ሞልተናል። ውባለም በሰፊ ትሪ ሻይ በብርጭቆ ይዛ ለሁሉም አደለች፤ እኔ ጋ ስትደርስ ተመልሳ ወደ ወጥ ቤት ገባችና የወረቀት ኩባያ ይዛልኝ መጣች። የሚጣለውን ዓይነት። ሰጠችኝና አለፈች። ሁሉም አይቷል። ሙቀቱ ያኔውኑ ተነሣብኝ። ኩባያውን መሬት ላይ አስቀምጬ ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

አንዲት ሴት ተከትላኝ ወጣች። አለምነሽ ናት። እንደመጣን መጤዎች በሚቀመጡበት ማዕከል አንድ ዓመት ጎረቤቶች ነበርን፤ አሁን ያቭነ ከተማ ትኖራለች፣ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ረዳት ናት። አጠገቤ ተቀምጣ አንገቴ ላይ የሚወርደውን ላብ አየች። በሻሽዋ ጫፍ ታናፍስልኝ ጀመር።

«የወር አበባሽ ቀርቷል?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«ይጠፋል፣ ይመጣል።»

«እንዲህ የሚያደርግሽ በቀን ስንት ጊዜ ነው?»

ነገርኳት። ዘወር ብላ ጓሮውን ካየች በኋላ፣ «አንቺዬ፣ እኔንም ልክ እንዲህ አድርጎኝ ነበር» አለች። «ዕድሜሽ ነው። መድኃኒት አለው። ሦስት ወር አልፈጀብኝም።»

ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ መጀመሪያ እፎይ የሚል ይመስላችኋል። እኔ የመጣብኝ ንዴት ነው። ሁለት ዓመት ከምናምን የሐኪም በር ላይ ተቀምጬ ያላገኘሁትን፣ አንዲት የመዋዕለ ሕፃናት ረዳት በሁለት ጥያቄ ደረጃ ላይ ነገረችኝ።

አለምነሽ የምትታከምባት የማኅፀን ሐኪም ያቭነ ናት። ወደ ማኅፀን ሐኪም ለመሄድ የቤተሰብ ሐኪም ወረቀት እንደማያስፈልግ የነገረችኝም አለምነሽ ናት፤ በእኔ ኩፓ ሴት ራሷ ደውላ ቀጠሮ መያዝ ትችላለች። እናንተም ደውላችሁ ጠይቁ። እኔ ስደውል ከስድስት ሳምንት በኋላ ቀጠሮ ሰጡኝ፤ ያለፈውን ሕክምናዬን ማጠቃለያ አሳትሜ እንድመጣም ነገሩኝ። ቂርያት ማላኪ ክሊኒክ ያለችው ጸሐፊ አትማ፣ አጥፋ ሰጠችኝ። ሳላየው ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ያቭነ ቀድሜ ደረስኩ። የመጠበቂያው ክፍል ውስጥ ከአንዲት አሮጊት በቀር ማንም አልነበረም። ምን ላድርግ ብዬ ወረቀቱን አወጣሁና ማንበብ ጀመርኩ። ዕብራይስጥ ሳነብ ጣቴን ከቃሉ ሥር እያስኬድኩ ነው። ብዙው የመድኃኒት ስም ነው። ከእያንዳንዱ ቀጠሮ ሥር ግን ሐኪሙ በራሱ ቃል የጻፈው አጭር ነገር አለ። አንደኛው ላይ «መግዚማ» የሚል ቃል አየሁ። አላውቀውም። ሦስት ቀጠሮ ዝቅ ብሎ እንደገና ተጽፏል። አሮጊቷን ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ታጋንናለች ማለት ነው» አለችኝ። «ትንሹን ነገር ትልቅ ታደርጋለች። ስለ ማን ነው?»

«ስለ አንዲት ሴት» አልኳት።

ከዚያ መላውን ዐረፍተ ነገር ጨርሼ አነበብኩ። ዛሬም በቃሌ እለዋለሁ። «ታካሚዋ ሕመሟን ታጋንናለች። ከባህሏ የመጣ አገላለጽ ነው። ተጨማሪ ምርመራ አያስፈልግም።» ቀኑን አየሁት። ጣቴ ከመቆረጡ ዐሥራ ሁለት ቀን በፊት ነው።

ቂሜ የተወለደው እዚያ ወንበር ላይ ነው። ወረቀቱን መልሼ በጥንቃቄ አጠፍኩት፤ እንዲቀደድብኝ አልፈለግኩም።

ያቭነ ያለችውን ሐኪም ሶፊያ እላታለሁ። ወደ ስልሳ የሚጠጋት፣ ዕብራይስጧ እንደ እኔው የሰው አገር ለዛ ያለው ሴት ናት። ምርመራውን ሳትጀምር ወንበሯን ወደ እኔ አዙራ ስለ ወር አበባዬ፣ ስለ እንቅልፌ፣ ከባሌ ጋር ስንተኛ ያመኝ እንደሆነ፣ ሽንት ይቸኩለኝ እንደሆነ ሁሉ ጠየቀችኝ። አፈርኩ፤ ግን መለስኩ። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ አለቀስኩ። ወረቀት አቀበለችኝና መጠየቋን ቀጠለች።

የነገረችኝን እንደገባኝ ልንገራችሁ። ሴት ልጅ ከአርባ አምስት እስከ ሃምሳ አምስት ባለው ዕድሜ ውስጥ፣ አንዳንዷም ቀደም ብላ፣ እንቁላል የሚሠራው ክፍሏ እየደከመ ይሄዳል። እሱ ሲደክም ኤስትሮጅን የሚባለው ንጥረ ቅመም በሰውነት ውስጥ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ይህ ነው ሙቀቱን፣ ላቡን፣ የልብ መምታቱን፣ እንቅልፍ ማጣቱን፣ የመገጣጠሚያ ቁርጥማቱን፣ መርሳቱን፣ ሆደ ባሻነቱን የሚያመጣው። የወር አበባው ሙሉ በሙሉ ከመቆሙ ከዓመታት በፊት ይጀምራል። ዓመት ሙሉ ካልመጣ ነው አርጣለች የሚባለው። በእኔ ዕድሜ ይህንን ለማወቅ ብዙ ጊዜ የደም ምርመራ እንኳ አያስፈልግም፤ ጠይቆ መስማት ይበቃል። በዕብራይስጥ ስሙ የመሸጋገሪያ ዕድሜ ነው። ከላሟ ስም ይሻላል።

ያም ሆኖ ወዲያው መድኃኒት አልሰጠችኝም። ብዙ ደም የሚፈሳት ሴት መጀመሪያ ማኅፀኗ መታየት አለበት አለች። በአልትራሳውንድ አየችኝ፣ ከማኅፀኔ ትንሽ ናሙና ወሰደች፣ የጡት ምርመራ አስደረገችኝ፣ አንገቴ ላይ ያለውን የእንቅርት ዕጢም በደም አስመረመረች፤ እሱ ሲዛባም እንዲህ ያደርጋል። ሁሉም ደኅና ሆኖ ሲመለስ አማራጮቹን ዘረዘረችልኝ። አንደኛው የጎደለውን ንጥረ ቅመም መተካት ነው። የጡት ካንሰር ለነበረባት፣ ደም የመርጋት ችግር ላለባት፣ ጉበቷ ለሚታመም ሴት ይህ አይሰጥም፤ ለእሷ ሙቀቱን የሚያበርዱ ሌሎች ክኒኖች አሉ። ከታች ለሚደርቃትና ለሚያማት ደግሞ እዚያው የሚደረግ ቅባት አለ። ለእኔ ሆዴ ላይ በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚለጠፍ ነገርና ማታ የሚዋጥ ሌላ ክኒን ሰጠችኝ፤ ማኅፀን ያላት ሴት የሚለጠፈውን ብቻዋን እንዳትወስድ፣ ክኒኑ የማኅፀኗን ሽፋን እንደሚጠብቅላት አስረዳችኝ። የእንቅልፉን ክኒን አስቆመችኝ፤ የድብርቱን ግን በአንድ ጊዜ እንዳልተው፣ ቀስ በቀስ እንድቀንስ አደረገች። ይህ ለእኔ የተባለ ነው፤ ለእናንተ የሚሆነውን ሐኪማችሁ ይወስን። ግን ጠይቁ።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ነቃሁና አንሶላው ደረቅ ነበር። እጄን አስገብቼ ዳሰስኩት። ከሁለት ወር በኋላ ሙቀቱ በሳምንት አንዴ ቢመጣ ነው። የሰው ስም ተመለሰልኝ።

ጌጡን ለሁለተኛው ቀጠሮ ይዤው ሄድኩ። አልፈለገም፤ አስገደድኩት። ሶፊያ ሁሉንም ደግማ ነገረችው፤ የማይተላለፍ፣ የማያሳብድ፣ በሴት ሁሉ ላይ የሚደርስ መሆኑን። አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ያንን ማታ ትራሱን ይዞ መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆመ።

«ይቅር በይኝ፤ እታለምን ሰምቼ ነው» አለ፤ እታለም የሚላት ውባለምን ነው።

«እሷን ስትሰማ ስንት ወር ሳሎን ተኛህ?»

ቆጠረና ሃያ ስምንት አለ። እንግዲያው ተመልሰህ ተኛ አልኩት። ሃያ ስምንት ወር አላደረግኩበትም፤ ሁለት ወር ግን አስተኛሁት። ከሥራ ደክሞ ሲመጣ አዝኜለት አውቃለሁ፤ በሩን ግን አልከፈትኩም።

ከዚያ ወደ ሐኪሙ ዞርኩ። ለኩፓው የአቤቱታ ደብዳቤ የጻፍኩት እኔው ነኝ፣ በዕብራይስጥ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። አለምነሽ አንዳንድ ፊደል አቃናችልኝ፤ ቃሉ ግን የእኔ ነው። የሶፊያን ወረቀት፣ የሆስፒታሉን ወረቀት፣ ያቺን ዐረፍተ ነገር አያያዝኩ። መጀመሪያ ይቅርታ የሚል ባዶ ደብዳቤ መጣልኝ። መልሼ ጻፍኩ። ሁለተኛም ጻፍኩ። በመጨረሻ ለስብሰባ ጠሩኝ።

ክፍሉ ውስጥ አቤቱታ የምትሰማው ኃላፊ፣ እሱና እኔ ነበርን። ጌጡን ውጪ አስቀመጥኩት። በአማርኛ ቢሆን ኖሮ አንቱ ማለት ሊኖርብኝ ነበር፤ ዕብራይስጥ አንቱታ የለውም፣ ያን ቀን ቋንቋውን ወደድኩት። ሐኪሙ ቀድሞ ተናገረ። እንደዚያ ተሰምቶኝ ከሆነ እንደሚያዝን ነገረኝ።

«የተሰማኝን አልጠየቅኩህም» አልኩት። «የጻፍከውን አንብበው።»

ወደ ኃላፊዋ አየ። አነበበው። «ታካሚዋ ሕመሟን ታጋንናለች» ሲል ድምፁ ወረደ፤ እንዲደግመው ጠየቅኩት፤ ደገመው። ከዚያ የግራ እጄን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ።

«ዐሥራ አንድ ጊዜ አንተ ጋ መጥቻለሁ» አልኩት። «አሁን ደግሞ ስለ ወር አበባዬ የጠየቅክበትን ቀን አንብብልኝ።»

ወደ ኮምፒዩተሩ ዞረ። ወደ ታች አወረደ፣ ወደ ላይ መለሰ። ረጅም ጊዜ ፈለገ። እኔ አልቸኮልኩም።

«የለም» አለ።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ልቤ ራራ ብዬ የምጽፍ ይመስለዋል። አልራራም። «የለም» ሲል ሰምቼ ደስ አለኝ። ከወር በኋላ የመጣው ውሳኔ ጽሑፉ ከፋይሉ እንደማይሰረዝ፣ ከሥሩ ግን ስሕተት መሆኑ እንደሚጻፍበት፣ ሐኪሙም ስለ ሴቶች የመሸጋገሪያ ዕድሜ ሥልጠና እንደሚወስድ ይናገራል። ፋይሌን አስከፍቼ ማረሚያውን በዓይኔ አየሁት። አልበቃኝም። ጣቴ አልበቀለም፤ ሥራዬም አልተመለሰም፤ አሁን አረጋውያን ቤት እየሄድኩ እረዳለሁ።

የጌጡ አጎት የሙት ዓመት ተዝካር ሲደርስ ገዴራ ሄድን። ያው ቤት፣ ያው ሴቶች። ውባለም ትሪውን ይዛ መጣች፤ ወሬው ደርሷት ነው መሰለኝ፣ በዚህ ጊዜ ለእኔም ብርጭቆ ሰጠችኝ። አልተቀበልኳትም። ተነሥቼ ቆምኩና ሁሉም እንዲሰማ ተናገርኩ። ሳንባዬ ንጹሕ እንደነበረ፣ ዛርም እንዳልነበረብኝ፣ ማረጥ እንደሆነ፣ ለዚያውም ስሙን ጠርቼ ተናገርኩ። ለዚህ ሕመም በወረቀት ኩባያ የሚያጠጣ ሰው ካለ፣ እዚህ ለተቀመጥን ለሁላችንም ኩባያ ይግዛ፣ ሁላችንም እንደርስበታለን ወይም ደርሰንበታል አልኩ። ውባለም ትሪውን ይዛ ወጥ ቤት ገባች፤ እስክንሄድ ድረስ አልወጣችም። ከእሷ ጋር እስከ ዛሬ አንነጋገርም። ጌጡ ብቻውን ነው የሚጠይቃት።

ያልጠበቅኩት ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ስወጣ ሴቶች አንድ በአንድ እጄን እየያዙ ወደ ጥግ ወሰዱኝ። አንዷ ልቧ ነው ተብላ ነበር፤ አንዷ ለባሏ እንኳ ሳትናገር በፎጣ ላይ ትተኛለች። ከመካከላቸው አራቱ የቂርያት ማላኪ ሴቶች ናቸው፤ የቤተሰብ ሐኪማቸውም ያው የእኔው ነው።

እንግዲህ አሁን ይህን እሠራለሁ። የሕመሙን ምልክቶች በዕብራይስጥ አንድ ገጽ ላይ ጽፌያለሁ። ዓይን አፋሯን፣ ቋንቋው የሚቸግራትን ሴት ይዤ ወደ ሐኪሙ እገባለሁ፤ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖራለሁ፣ አጠገቧ እቀመጣለሁ። አሁን የወር አበባን የሚጠይቀው መጀመሪያ ነው። አንዷን ብዙ ደም ይፈሳት የነበረችውን በዚያው ቀን ወደ ማኅፀን ሐኪም ላካት፤ ማኅፀኗ ውስጥ ካንሰር ያልሆነ ዕጢ ተገኝቶ ወጣላት፣ ዛሬ ደኅና ናት። ከእሱ ጋር ሰላም አንባባልም። ሴቶቹ ምስጋናቸውን ለእኔ ሲነግሩኝ ለእሱ እንዳይነግሩት አስጠነቅቃቸዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሰባተኛዋን ሴት ይዤ ገብቼ ነበር። ወረቀቷን ፈርሞ ከሰጣት በኋላ እኔን ቆይ አለኝ። ሴትዮዋ ወጣች። ሐኪሙ ብዕሩን እያገላበጠ፣ ለእኔም ለእሱም እንዲሻል፣ ወደ ሌላ ሐኪም ሊያዛውረኝ እንደሚችል፣ በዚሁ ክሊኒክ ጥሩ ሴት ሐኪም እንደገባች ነገረኝ።

«የፈለግሽውን የመምረጥ መብት አለሽ» አለ።

«ዐውቃለሁ» አልኩት። «መርጫለሁ። አንተን ነው የመረጥኩት።»

ወጥቼ ጸሐፊዋ ጋ ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ ያዝኩ።